አባዬ በእጁ ያሳየን

ለወንድሜ ለሚፍታህ ሙራድ
ጆሃንስበርግ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ካርቶን ስታነሳ ይይዝሃል? ሱምያ እንዴት ናት? ትንሿ ልጃችሁስ ጥርስ አወጣች? ከዚያ ከሱቅህ የብረት ፍርግርግ ጀርባ በሰላም ውለህ በሰላም ትገባለህ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍልህ ግን ወረቀቱ ራሱ ይታዘበኛል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ ስናወራ እማዬ አጠገቤ ናት። ድምፁን ከፍ አድርጊው ትላለች፣ ከዚያ አንተም «ሁላችሁም ደህና ናችሁ?» ትላለህ፣ እኛም በአንድ አፍ «ደህና» እንላለን። ይህ ነገር እንደዚያ የሚወራ አይደለም። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አግኝቼ፣ እሱም ወደ አንተ ለሚበር ሰው እንዲሰጥልኝ አድርጌ ነው የላክሁት። ብቻህን ሆነህ አንብበው። ስትጨርስ አንድ ነገር እለምንሃለሁ፤ እሱን ካላደረግህልኝ አንዲት ሴት ስሟ እንደጠፋ ትቀራለች። ያጠፋነውም እኔና አንተ እና እማዬ ነን።

የአገሩ ወሬ ብዙ የለውም። ዝናቡ አልወጣ ብሎን በየደጁ የተሰጣው ቡና ቀኑን ሙሉ ይሸፈናል፣ ይገለጣል። ሱቁ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የአባዬን ወንበር ማንም አልተቀመጠበትም። እኔ ግን አንድ ቀን ተቀመጥኩበት፤ የምጽፍልህም ከእሱ የተነሳ ነው።

አኳሪየሙን መቼም አትረሳውም። በሽታው የአባዬን ቀኝ ጎን ይዞ ምላሱን ካሰረው በኋላ፣ ልትሄድ አንድ ወር ሲቀርህ፣ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለህ፣ ስድስቱን ዓሣዎች ውሃ በተሞላ ላስቲክ አንጠልጥለህ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ቦንጋ ጉልበትህ ላይ ይዘህ መጣህ። ጅማ ላይ አንዱ ተሳፋሪ «ይኼ ለወጥ ነው ለጌጥ?» ብሎ እንደሳቀብህ ነግረኸናል። አባዬ ከማየት ሌላ ሥራ አልቀረውምና ከወንበሩ ፊት ለፊት፣ ዝቅ ካለችው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥክለት። አምስቱ ብርቱካናማ፣ አንዱ ጥቁር። እማዬ ጥቁሩን ሚፍታህ አለችው። ከሄድክ ሳምንት ሳይሞላህ ጠዋት ጠዋት ሱብሂ ሰግዳ ስትጨርስ ዓሣ መቁጠር ጀመረች። ስድስት ከሆኑ ልጇ ደህና አድሯል ማለት ነው። እኔ ሳቅሁባት፤ ዛሬ ሳስበው ግን እኔም ከሩቅ ሆኜ አብሬያት እቆጥር ነበር።

ባለፈው ሚያዝያ ውሃው ቶሎ ቶሎ ይደፈርሳል ብዬ በስልክ ስነግርህ፣ «የውሃ ተክል ጨምሪበት፣ ያጠራዋል፣ ዓሣዎቹም ይወዱታል» አልከኝ። እኔም አንድ ቅዳሜ በሺሺንዳ መንገድ ካለው ጅረት ወርጄ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ አንድ እፍኝ ተክል ከነጭቃው ነቅዬ መጣሁ። አጥቤዋለሁ ብዬ ለሁሉም ተናግሬ ነበር። እውነቱን ልንገርህና አላጠብኩትም፤ ለቅለቅ አድርጌ ነው የጨመርኩት። ይህን ያዝልኝ።

ግንቦት ላይ አንድ ዓሣ ጠፋ። ሞቶ ቢንሳፈፍ እኮ ሞተ እንላለን፤ ይህ ግን የለም። በዚያው ሳምንት ሱቅህ መዘረፉን፣ ሽጉጥ ግንባርህ ላይ መደገኑን ነገርከን። እማዬ ሁለቱን ነገር አጋጠመቻቸው። በአሥረኛው ቀን ሌላ ጠፋ። ሦስተኛው ጥቁሩ ነበር። የዚያን ቀን ጩኸቷን የሰማ ጎረቤት ሁሉ የአንተን መርዶ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ስልክህ ደግሞ በዚያ ቀን አይሠራም ነበር። ባትሪ አልቆብህ እንደነበር የነገርከን ማግስቱን ነው።

እስቲ ዓሣ ከመስታወት ወጥቶ የት ይሄዳል? ድመት የለንም። ክዳኑም እንደተከደነ ነው። እንግዲያው ሰው ነው የሚወስደው። ሳሎኑን የሚያጸዳ፣ መስታወቱን የሚወለውል ሰው ደግሞ በቤታችን አንድ ብቻ ነው። እማዬ መጀመሪያ በጆሮዬ፣ ኋላ ለጎረቤት ስሙን አወጣችለት፤ መተት ነው፣ የልጄን ዕድሜ በዓሣው እየወሰደችብኝ ነው አለች።

እትዬ አበዛሽ ማን እንደሆነች ለአንተ አልነግርህም። አዝላ ያሳደገችህ ሴት ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመት በቤታችን ኖራለች። አንተ ከሄድክ በኋላ የሆነውን ግን አታውቅም። አባዬ ምላሱ ከታሰረ ወዲህ የሚግባባው ከእሷ ጋር ብቻ ነበር። አርባ ዓመት ከገበሬው ጋር ቡናና ማር የተገበያየው በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ነውና በካፊኖኖ ታወራዋለች። የዕቃውን ስም አንድ በአንድ ትጠራለታለች፤ ትራስ? ውሃ? ሬዲዮ? የፈለገው ላይ ስትደርስ ዓይኑን ይጨፍናል። ከእኛ ጋር ሲሆን ይህን አያደርግም፤ እኛ ትዕግሥቱም አልነበረን። እማዬ ካፊኖኖዋ ከሰላምታ አያልፍም። የገዛ ባሏን በሠራተኛዋ አስተርጓሚነት ማነጋገር እንዴት እንዳንገበገባት ያኔ አልገባኝም ነበር። አሁን ይገባኛል፤ ሲገባኝ ግን ንዴቴ አይበርድም።

እትዬ አበዛሽ ደግሞ ነግራናለች። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ። ጋሽ ሙራድ ውሃው ውስጥ አንድ ነገር አለ ይላሉ አለችን። እኔና እማዬ ሄደን ቆመን፣ ጎንበስ ብለን ከላይ አየን። ድንጋይ፣ ተክል፣ የቀሩት ዓሣዎች። «ራሷ ታደርጋለች፣ ራሷ ታወራለች» አለች እማዬ። እኔም ክዳኑን መልሼ ከደንኩ።

ሰኔ አሥራ ስድስት፣ እሑድ ቀን፣ ሽማግሌዎች ሳሎናችን ተቀመጡ። አንተም በስልክ ነበርክና ታስታውሳለህ፤ ያላየኸውን ግን ልንገርህ። ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ነገሩን የሚመሩት ጎረቤታችን ጡረተኛው ርዕሰ መምህር ጋሽ ኃይለመስቀል ናቸው። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ወንበር ለእንግዶቹ አልቆ እትዬ አበዛሽ ቆመች። የት ቆመች መሰለህ? አኳሪየሙ ፊት። ቁሚ የተባለችበት እዚያ ነው፤ ሁሉም እንዲያያት።

ጋሽ ኃይለመስቀል «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ጀመሩ። ቀኑን ሙሉ እዚህ የሚውለው ሙራድ ነው፣ ያየ ካለ እሱ ነውና እሱን እንጠይቅ አሉ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ግን በማን ይጠየቅ? ቋንቋውን የምታውቀው ተከሳሿ ናት። ተከሳሽ ለራሷ ልታስተረጉም አትችልም ተባለ፤ ይህም ፍርድ የሚያውቅ ሰው የሚለው ነው። እናም በአማርኛ፣ ጮክ ብለው፣ እንደ ሕፃን፣ «ሙራድ፣ ዓሣዎቹን የሚፈጅ እዚህ ቤት ውስጥ አለ? ካለ በእጅህ አሳየን» አሉት።

አባዬ ግራ እጁን አነሳ። ቀስ እያለ አነሳና ፊት ለፊቱ ዘረጋው። ፊት ለፊቱ እትዬ አበዛሽ ናት።

ሁሉም እህ አለ። እሷ አልጮኸችም። «እኔን አይደለም፣ ውሃውን ነው የሚሉት፤ ዞር ልበልና እዩ» አለች። እማዬ «ካለሽበት ንቅንቅ እንዳትዪ!» ብላ ጮኸችባት። እትዬ አበዛሽም አልተነቃነቀችም። ሃያ ሦስት ዓመት የታዘዘች ሴት ያን ጊዜም ታዘዘች። ከዚያ የአንተ ድምፅ ከስልኩ መጣ። «አባዬ ካለ አለቀ፣ ትውጣ» አልክ። አልወቅስህም፤ በዓይንህ አላየህም። እኔ ግን አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርኩትን አሁን እነግርሃለሁ። እትዬ አበዛሽን ክንዷን ይዘው ካስወጧት በኋላ፣ ቦታው ባዶ ከሆነ በኋላ፣ የአባዬ እጅ አልወረደም። እሷን ተከትሎ ወደ በሩ አልዞረም። እንደተዘረጋ መስታወቱ ላይ ቀረ። አፉን እየታገለ ነበር። እኔም ደክሞት ነው ብዬ እጁን ያዝኩና አጥፌ ጋቢው ውስጥ ከተትኩለት።

ከዚያ ወዲያ አባዬ እንዴት እንደሆነ በስልክ ያልነገርንህ አለ። ከእኔም ከእማዬም እጅ መብላት ተወ። ማንኪያውን ስናስጠጋ ጥርሱን ይነክሳል። አጥሚት በግድ ስናስገባ በከንፈሩ ጥግ ያፈሰዋል። ሐኪሙ መዋጥ አቅቶት ነው አለ። ይሆናል፤ ሐኪም ነው። ግን አላመንኩትም፤ ከእትዬ አበዛሽ እጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲውጥ አይቻለሁና። ነሐሴ ላይ እንዴት እንደሄደ ታውቃለህ፤ አላህ በጀነት ያኑረው።

በለቅሶው በሁለተኛው ቀን እትዬ አበዛሽ መጣች። ከዋጫ ወዲያ ካለው የእህቷ ቤት በጠዋት ተነስታ ነው የመጣችው። ሴቶቹ በር ላይ አስቆሟት። እማዬ ትግባ አላለችም፣ ሴቶቹም ያን ዓይተው መለሷት። በአጥሩ ክፍተት አየኋት፤ ማዶ ካለው ግንብ ሥር ቁጭ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ብቻዋን ታለቅሳለች። ወጥቼ እጇን ይዤ ላስገባት እችል ነበር። ሐዘንተኛ ነኝ፣ ማን ይከለክለኛል? አልወጣሁም። ሰው ምን ይለኛል አልኩ። ሚፍታህ፣ ጠላት እንኳ ከለቅሶ አይመለስም።

እሷ ከወጣች በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ዓሣ አልጠፋም ነበር። «አየሽ አይደል?» ትለኝ ነበር እማዬ። ከዚያ በሽታውም ሞቱም ተከታተለና የሚቆጥር ጠፋ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ እማዬ ይህን መስታወት ከቤቴ አውጪልኝ፣ ሳየው ያመኛል አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ውሃውን በጎማ ልቀዳው ባልዲ ይዤ መጣሁ። የቀረው ዓሣ አንድ ብቻ ነው። ቆሜ ስቀዳ ወገቤን ደከመኝና ሳላስበው የአባዬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወንበር ላይ የሚታየው ሌላ ነገር ነው። ከላይ ስታይ ድንጋዩና ተክሉ ይሸፍነዋል። ከወንበሩ ግን ከድንጋዩ ሥር ያለው ጉድጓድ ከዓይንህ ትይዩ ነው። እዚያ ውስጥ የረገፈ ቅጠል የመሰለ፣ የአውራ ጣት ቁመት ያለው፣ ጭቃ የመሰለ ነገር ተጣብቋል። ስድስት እግር አለው። ዓይኑ ከራሱ ይበልጣል። ዓሣው በፊቱ ሲያልፍ ከአገጩ ሥር እንደ ክንድ የታጠፈ ነገር ተወርውሮ ወጣና ያዘው። በልቶ ለመጨረስ አልቸኮለም። እኔ ጎማውን እንደያዝኩ ቀረሁ፤ ውሃው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

በማር ብርጭቆ ይዤ ግቢያችን ለተከራየው ለኢያሱ አሳየሁት፤ ባዮሎጂ መምህር ነው። ወዲያው አወቀው። ልጅ ሆነን ወንዝ ዳር እየያዝን ጭራውን በክር የምናስረው፣ ሄሊኮፕተር የምንለው ባለ አራት ክንፍ የለም? የእሱ ልጅ ነው፤ ክንፍ እስኪያወጣ ወራት ውሃ ውስጥ ይኖራል፣ ትንንሽ ዓሣ ይበላል፣ ቆዳውን ሲቀይር ደግሞ ለጊዜው መብላት ይተዋል አለኝ። ከየት መጣ ስለው፣ ከወንዝ ተክል አምጥታችሁ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ ያመጣሁት አልኩት። ከዚያ በኋላ ያለኝን አልሰማሁም። አባዬ ሁለት ወር ሙሉ ያን ነገር ፊት ለፊት ሲያየው፣ እጁን ሲያነሳ፣ እኛ ደግሞ እጁን ስናጥፍለት ብቻ ነበር የሚታየኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ብርጭቆውን አቅፌ በሚኒባስ ዋጫ ሄድኩ፣ ከዚያ በእግሬ። እትዬ አበዛሽ ከእህቷ ማጀት ጀርባ በቆሎ ስትፈለፍል አገኘኋት። ከስታለች። ስታየኝ እንደ ድሮው ልትነሳልኝ ስትል እግሯ ላይ ወደቅሁ፤ አነሳችኝ። ብርጭቆውን አሳየኋት። አተኩራ አየችውና «እኔ አላየሁትም። እሳቸው ናቸው ያዩት። እኔ ውሃ ስላቸው ዓይናቸውን ደጋግመው ሲጨፍኑልኝ ነው ያመንኳቸው» አለች። ከዚያ «ከእኔ ወዲያ ማን አጎረሳቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ብርጭቆውን መልሼ አቀፍኩት። ገባት። በቆሎውን አስቀምጣ እጇን አየች።

ኑሮዋን አይቻለሁ። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ደርሷል። የሠራችውን ምግብ ጎረቤት አይቀምስም። ሠርግ ሲኖር ኑና አግዙን ሲባል እሷ አትጠራም። የገዛ እህቷ ልጅ የወለደች ጊዜ ሕፃኑን ከእሷ ዓይን ሸፍነውታል። መተተኛ የተባለች ሴት የት ትሄዳለች? ወደ ቦንጋ ተመለሽ፣ ቤትሽ ነው አልኳት። «ቤት አልፈልግም» አለችኝ። «እነዚያው ሰዎች ይቀመጡ። እኔ እዚያው ቆሜ የነበርኩበት ልቁም። ያሉትን እንዳሉ፣ አይደለም ይበሉ። ሚፍታህም በስልክ እንዳለው በስልክ ይበል።» ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

እማዬን ለመንኳት። መጀመሪያ ትሉንም እሷው ናት የጨመረችው አለች። እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ በእጄ ነው የነቀልኩት ስላት ወደ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ማግስቱን ሙራድ አፈር ለብሷል፣ እንግዲህ ሳሎኔ ሞልቶ ሰው አይስቅብኝም አለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው እውነት ነው፤ እሷም ታውቀዋለች፤ ስለምታውቀውም ነው የምትፈራው። አታሳዝነኝም ብልህ እዋሻለሁ፤ ባሏ የመጨረሻ ቃሉን በእጁ ሲናገር እሷ ነበረች ንቅንቅ አትበዪ ያለችው። ግን የእሷ ሐዘን የእትዬ አበዛሽን ስም አይመልስም።

ጋሽ ኃይለመስቀልን ሄጄ አነጋግሬያቸዋለሁ። ብርጭቆውን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ እንደገና አደረጉ። የቤቱ ወንድ ልጅ ከጠራን እንመጣለን አሉኝ። በአገሩ ደንብ እኔ መጥራት አልችልም። የፈረድከው አንተ ነህና የምትጠራቸውም አንተ ነህ። ስለዚህ የምለምንህ ይህን ነው፤ ደውልላቸው። ቀን ቁረጥ። እማዬ አንተ ካልክ አትከለክልም። ስልኩን እኔ እንደ በፊቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ብዙ ጊዜ የለንም። መስታወቱን ውሃ ሞልቼ ያን ነፍሳት መልሼበታለሁ፤ ሽማግሌዎቹ በዓይናቸው እንዲያዩት እያኖርኩት ነው። ኢያሱ ጀርባው ላይ ያበጠውን አሳይቶኝ ክንፉ ደርሷል፣ በሳምንታት ውስጥ በእንጨት ወጥቶ ቆዳውን ጥሎ ይበራል ብሎኛል። ከበረረ ባዶ ቅርፊት ነው የሚቀረን፤ ባዶ ቅርፊት ደግሞ ማንም ማንንም ሊከስበት ይችላል። እስከዚያ በየቀኑ ከጓሮ ትል ቆፍሬ በወረንጦ ከአፉ አጠገብ እይዝለታለሁ፤ ይቀበለኛል። አባቷን ማጉረስ ያቃታት ፈርዶስ ለዚህ ታጎርሳለች።

ሱምያን ሰላም በልልኝ፤ የላከችልኝ ሻሽ ደርሶኛል፣ ጥቁሩን ስጨርስ እለብሰዋለሁ። ትንሿን ግንባሯ ላይ ሳምልኝ። አጠገብህ ላሉ የአገር ልጆች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ከዚህ እማዬ ዱዓ ታደርግልሃለች፤ ዓሣ ስለሌላት አሁን ጠዋት ጠዋት የምትቆጥረው የለም፣ ስልኩን ነው የምታየው። ኢያሱ ሰላም ብሎሃል። ጋሽ ኃይለመስቀል ድምፅህን እየጠበቁ ነው።

እትዬ አበዛሽ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኘችኝ፤ ሚኒባሱ እስኪመጣም አብራኝ ቆመች። ለሚፍታህ ምን ልበለው አልኳት። ሰላምታ አልላከችልህም።

እህትህ ፈርዶስ ሙራድ
ቦንጋ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.